ጣቶቼ መርፌ መያዝ ያቃታቸው ዓመት

ከድር እባላለሁ። ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል፤ አሁን ዕድሜዬ ገፍቶ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሚሠሩትን አያለሁ። የምጽፈው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳለሁ፣ ስለያዘኝ ሕመም ነው። ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒቶቹን ስም እንኳ በወጉ አልያዝኩም። የደረሰብኝን ግን አልረሳሁም።

የጀመረው በማሳከክ ነው። ቁስል የለ፣ ሽፍታ የለ፤ ገላዬን በታጠብኩ ቁጥር ጀርባዬንና ቅልጥሜን እያከክሁ አደማው ነበር። ሚስቴ ሙኒራ ቁንጫ ነው ብላ ልብሱንም አንሶላውንም ቀቀለችው። ቀጥሎ የሌሊት ላብ መጣ፤ ጠዋት ስነሳ ሸሚዜ ቢጨመቅ የሚንጠባጠብ ይሆናል። ከዚያ የሸሚዜ የአንገት ቁልፍ አልዘጋ አለኝ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ሸሚዙ ታጥቦ ገብቷል ብዬ ቁልፉን አንድ ጣት ያህል ወደ ዳር አዛወርኩት። ከወር በኋላ እንደገና አዛወርኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ሳዛውረው ሙኒራ መጥታ አንገቴን በእጇ ዳሰሰችና “የጠበበው ሸሚዙ አይደለም” አለችኝ።

በግራ በኩል፣ ከአገጬ በታች፣ ሦስት እብጠት ነበረኝ። አንዱ የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ ሁለቱ ከዚያ ያንሳሉ። ሲነኩት አያምም። ስለማያምም ብዙ አላሰብኩበትም። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያመውን ይፈራል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የምፈራው የማያመውን እብጠት ነው።

ትኩሳቱ የመጣው ቆሼ ያለችውን እህቴን ጠይቄ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ቆሼ ቆላ ነው፤ ወባ አለ። የሠፈራችን ድሬሰር፣ ያኔ መርፌ የሚወጋና ቁስል የሚያጥብ የሕክምና ረዳት ድሬሰር ነበር የሚባለው፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ቆሼ ስለው ሌላ ምንም አልጠየቀም። የወባ ክኒን ሰጠኝ። ጆሮዬ እስኪጮህ ዋጥኩት። ትኩሳቱ ሄደ። በአሥር ቀኑ ተመለሰ። ደግሞ ዋጥኩ፤ ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። የዚህ በሽታ ትኩሳት በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔና ድሬሰሩ ግን ክኒኑ የሚያባርረው መስሎን ነበር።

አጎቴ ወደ አንድ መድኃኒት አዋቂ ወሰደኝ። ሰውየው እብጠቱን በጋለ ብረት ተኮሰው። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ጢሜ እዚያ ቦታ ላይ አይበቅልም። ቁስሉ ሦስት ሳምንት መግል ያዘ፤ እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የሄድኩት። የአንገት ነቀርሳ ነው ተባልኩ፤ ሳንባን የሚይዘው ነቀርሳ በአንገት እጢ ገብቶ ማለት ነው። ለሦስት ወር ያህል በየቀኑ መርፌ ተወጋሁ። መርፌው ያን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ “ነቀርሳ” የሚለው ቃል ነበር፤ ያኔ ነቀርሳ የያዘው ሰው ቤቱ ይለያል። ኩባያዬ ተለየ፤ ምንጣፌ ተለየ። ሦስቱን ልጆቼን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ እናቴ መንደር ላክናቸው። አርብ አርብ እሄድና በእንሰቱ አጥር ማዶ ቆሜ አያቸው ነበር። ትንሿ ልጄ ዘሃራ ወደ እኔ ስትሮጥ እናቴ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ታስቀራታለች። ደንበኞቼም የሚሰፋውን ጨርቅ በሩቁ አስቀምጠውልኝ ይሄዱ ጀመር።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ትልቁ እብጠት የእንቁላል ያህል ሆኗል፤ በብብቴም ሌላ ወጥቷል። በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያው አንድ ወጣት ጤና መኮንን ተመድቦለት ነበር። አንገቴን፣ ብብቴን፣ ሆዴን ዳሰሰ። ካርዴን ገልጦ የተወጋሁትን አየ። ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ “ይህ እነሱ ያሉት ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁሉ መርፌ ይቀንስ ነበር። እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወደሚያውቁት ልላክህ።”

በሐኪም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አላውቅም ሲል የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ሳስበው ካገኘኋቸው ሐኪሞች ሁሉ ሕይወቴን ያተረፈው እሱ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ መርካቶ የሚነግድ የአጎቴ ልጅ ስለነበረኝ ማደሪያ አላጣሁም። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ወረፋ የሚጠበቅበት አንድ ረጅም አግዳሚ ነበር፤ እዚያ ላይ ያሳለፍኩትን ቀን ብቆጥረው አንድ ክረምት ይሞላል። ከእብጠቱ ቁራጭ ወሰዱ። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ውጤቱ የመጣ ቀን ሸምገል ያለ የውጭ አገር ሐኪም አስገባኝ። ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ እየተረጎመች ነው የነገረችኝ።

“የእጢ ካንሰር ነው” አለችኝ። “በአማርኛ ይህንንም ነቀርሳ ይሉታል። ግን እስካሁን ስትታከምለት ከነበረው ጋር አይገናኝም።”

“ይተላለፋል?” አልኳት።

“አይተላለፍም።”

“ከልጆቼ ጋር አንድ ቤት ብገባስ?”

“አንድ ትሪ ላይ አብረሃቸው ብትበላም አይተላለፍም።”

ሳላስበው ሳቅሁ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሲስተሯ ዞር ብላ ሐኪሙን አየችው፤ እሱም መነጽሩን አወለቀ። “ከድር፣ የነገርኩህ ገብቶሃል?” አለችኝ። “ከባድ በሽታ ነው። ካልታከምክ ይገድልሃል።” ገብቶኛል አልኳት። የገባኝ ግን ልጆቼ ወደ ቤት መመለስ መቻላቸው ብቻ ነበር። ሌላው በመንገድ ላይ፣ አውቶቡሱ አዋሽን ሲሻገር፣ ቀስ እያለ መጣብኝ።

እንደደረስኩ ወደ ቤቴ እንኳ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ እናቴ ሄጄ ልጆቹን ይዤ ተመለስኩ።

ሕክምናው እንዲህ ነበር። ሁለት መርፌ በአንድ ቀን በደም ሥር፤ በሳምንቱ ደግሞ ሁለት። አሥራ አራት ቀን ሁለት ዓይነት ክኒን። ከዚያ ሁለት ሳምንት እረፍት። ይህ አንድ ዙር ይባላል፤ ስድስት ዙር ታዘዘልኝ። ሐኪሙ መድኃኒቶቹ አዲስ እንደሆኑ፣ እንደሚያድኑኝም ቃል መግባት እንደማይችል ነገረኝ። መድኃኒቱን ሆስፒታሉ ሰጠኝ፤ ለመንገዱና ለቀረው አንዲት ጊደር ሸጥን።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አላወቅሁም። መርፌውን ተወግቼ፣ የበግ ወጥ በልቼ፣ የከሰዓቱን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዓለም ገና ከተማ ሳንደርስ አስመለሰኝ። ቡታጅራ እስክንደርስ ሹፌሩ አምስት ጊዜ አቁሞልኛል፤ አንድ ጊዜም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አጠገቤ የነበረች አንዲት የሶዶ ሴት ግንባሬን በእጇ ደግፋ ይዛልኝ ነበር። ስሟን አልጠየቅሁም።

በሁለተኛው ጉዞዬ አግዳሚው ላይ መምህር በየነን አገኘሁ። ከወልቂጤ የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ፣ የሂሳብ አስተማሪ። ፀጉሩ አልቆ ስለነበር ቤት ውስጥም ባርኔጣውን አያወልቅም። በሽታችን አንድ ነው፤ መድኃኒታችንም አንድ። እሱ ከእኔ ሁለት ዙር ይቀድማል። በአንድ ቀን ስለምንወጋ ጎን ለጎን እየተቀመጥን ጓደኛሞች ሆንን። እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል፤ የእኔ አማርኛና የእሱ አማርኛ በሁለት የጉራጌ አፍ የተቃኘ ስለሆነ ሲስተር አልማዝ ስናወራ ቆማ ትስቅብን ነበር።

ከሐኪሞቹ ያልሰማሁትን የነገረኝ እሱ ነው። በመርፌው ቀን ጠዋት ደረቅ ዳቦ ብቻ ብላ፤ በዚያው ቀን መንገድ አትጀምር፤ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ያዝ፤ ከመርፌው በፊት ብዙ ውሃ ጠጣ። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ነገረኝ። መድኃኒቱ በሽታውን ሲመታ ደምንም አብሮ ይመታል። ከመርፌው በኋላ አሥር ቀን ገደማ ሲሆን ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት ኃይል ያጣል። “በዚያ ሳምንት ትኩሳት ከያዘህ” አለኝ፣ “እንዳታድር። በምንም ይሁን በምን ድረስ።” ከመርካቶ የትኩሳት መለኪያ ገዝቼ እንድይዝ አደረገኝ፤ ከኪሱ የራሱን አውጥቶ እንዴት እንደሚነበብም አሳየኝ።

እንግዲህ ኑሮዬን እንደ አዲስ መለካት ጀመርኩ። በሱቄ ግድግዳ ላይ በጠመኔ የወሩን ቀኖች አሰመርኩ። ክኒን የምውጥበት ሁለት ሳምንት፣ ደሜ የሚያንስበት ሳምንት፣ ደኅና የምሆንበት ሳምንት። ክኒኑ ያስርበኛል፤ ፊቴንም ያሳብጠዋል። ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ “ወፍረሃል፣ ማሻአላህ” ይለኛል፤ ሚስቴ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ክኒኑ ባለቀ ማግስት ደግሞ እንደ ተፈታ ስፌት እለቃለሁ፤ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ሁለት ቀን እተኛለሁ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለእነዚያ ቀኖች የልብስ ቀጠሮ አልሰጥም ነበር።

የቅቤ ሽታ አልቻልኩም። ቤታችን ቅቤ ሳይነጠር የሚውልበት ሳምንት አልነበረም፤ አሁን ግን ሽታው ከደረሰኝ ያለኝን ሁሉ አወጣለሁ። ሙኒራ ቅቤዋንና ድስቷን ይዛ ጎረቤት ሄዳ ማብሰል ጀመረች። እኔ ቀጠን ያለ የቡላ ገንፎ በጨው ብቻ ተስማማኝ። ጥሬ ሥጋም ተከልክዬ ነበር። በመጨረሻው ዙር ላይ በደረሰው አረፋ ክትፎዬን ድርቅ እስኪል አብስለው ሰጡኝ፤ ዘመዶቼ ካንሰር ያዘው ሲባሉ ያላዘኑትን ያህል ለዚህ አዘኑልኝ።

ገበያ ቀን ለልብስ ሰፊ ትልቁ ቀን ነው፤ ከየገጠሩ ሰው ይመጣል፣ ሱቄ ይሞላል። ደሜ በሚያንስበት ሳምንት ከሰው መሐል አትግባ ስለተባልኩ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ የተለካውን ቁጥር በጆሮዬ እየሰማሁ እጽፍ ነበር። ይህንንም ለመድኩት።

ያልለመድኩት የጣቶቼን ነገር ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጫፋቸው ደነዘዘ። መጀመሪያ ብርድ የመታቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ አቃተኝ። ቁልፍ እይዛለሁ ስል ከእጄ ይወድቃል። አንድ ቀን ለሠርግ የታዘዘ ነጭ ቀሚስ ጠርዙን በእጄ እየቀመቀምኩ ሳለ ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁ። ጣቴን መርፌው አራት ቦታ ወግቶት ነበር፤ አልተሰማኝም።

ሙኒራ ቀሚሱን ቀምታኝ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው አጠበችው፤ ለቀቀ። ስትመለስ እኔ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ። ለሕመሙ ያላለቀስኩት ሰው ለጣቶቼ አለቀስኩ፤ እጄ ከሄደ በሕይወት ብኖርስ ምን እሠራለሁ ብዬ። የታጠበውን ቀሚስ ሰቀለችና “ተነሣ፤ ወንበሩን ልቀቅልኝ” አለች።

ያኔ በከተማችን ሴት በወንዶች ልብስ ሰፊ ሱቅ በስፌት መኪና ላይ አትቀመጥም። አጎቴ መጥቶ ቅር እንዳለው ነገረኝ። እኔም ራሴ ቅር ብሎኛል፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። ሙኒራ መኪናውን አዙራ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጠች። የመጀመሪያ ሱሪዋ አንዱ እግር ከሌላው በሁለት ጣት በለጠ። ጮህኩባት። መርገጫውን አቁማ ሳትዞር “ብትጮህብኝ ፈጥኜ አልማርም። ዝም ብለህ አሳየኝ” አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጬ እናገራለሁ፤ እሷ ትሰፋለች። ኮሌታ ለመገልበጥ አንድ ወር ፈጀባት። የቁልፍ ቀዳዳ ግን በሦስት ቀን ያዘች፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ የተሻለ ትሠራ ነበር።

ረመዳን በአራተኛው ዙር ላይ ገባ። ሼሁ የታመመ ሰው እንደማይጾም፣ የቀረበትን ቀን ሲሻለው እንደሚጾም አስረዱኝ። እኔ ግን በጾም ቀን ምግብ ወደ አፌ ማድረስ ሞት ሆነብኝ። ክኒኑን በባዶ ሆዴ ውጬ ተቃጠልኩ። ይህን የሰማች እናቴ ከመንደር መጣች። አንድም ቀን ጾም አጉድላ የማታውቅ ሴት ነች። የቡላውን ሳሕን አመጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። “ብላ፤ ብቻህን አትበላም፤ እኔ እያየሁህ ትበላለህ” አለችኝ። እሷ በጾሟ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ እስክጨርስ ቁጭ ትላለች። ወሩን ሙሉ እንዲሁ አደረገች። ምግቡ በጉሮሮዬ ያለፈልኝ በእሷ ዓይን ነው።

በዚያው ዙር መምህር በየነ የመጨረሻ መርፌውን ተወጋ። ሲወጣ ባርኔጣውን አንሥቶ ራሱን አሳየኝ፤ እንደ ጫጩት ላባ ያለ ፀጉር በቅሎበት ነበር። በወሩ ለምርመራ ሲመጣ እንገናኛለን ተባብለን ተለያየን።

በአምስተኛው ዙር ስሄድ አግዳሚው ላይ አልነበረም። ሲስተር አልማዝን ጠየቅኋት። ወደ መስኮቱ ወስዳ ነገረችኝ። በአሥረኛው ቀን ትኩሳት ይዞት ነበር። የተማሪዎች ፈተና ያርም ስለነበር አስፕሪን ውጦ ነገ እሄዳለሁ አለ። በሦስተኛው ቀን ሰዎች ተሸክመው አመጡት። በማግሥቱ ሞተ።

እኔ ደግሞ አልወጋም አልኳት። በሽታው ሲተወው መድኃኒቱ ገደለው፤ እኔስ በምን እተማመናለሁ? ሲስተር አልማዝ አልተቆጣችኝም። “የገደለው የዘገየበት ሁለት ቀን ነው” አለችኝ። “በመጀመሪያው ቀን የመጡልን ስንት ሰዎች ድነዋል።” አንገቴን ዳሰስኩ። ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ አንገቴ ላይ ያለው እብጠት ጠፍቶ ሸሚዜ ቁልፉን መዝጋት ጀምሮ ስለነበር ነው።

ከዚያ ዙር ሁለተኛ መርፌ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ብርድ ብርድ አለኝ። መለኪያው ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሰባት አሳየ። እስቲ አሁን ምን እንዳልኩ ልናገር። መምህሩ የሞተበትን ምክንያት ከሰማሁ ሦስት ሳምንት አልሞላኝም። ሆኖም ለሙኒራ “ትንሽ ጋደም ልበል፤ ካልተወኝ ነገ እንሄዳለን” አልኳት። ሰው ሲታመም ከአልጋው የሚለየው ነገር ሁሉ ተራራ ይሆንበታል።

ሙኒራ የጀመረችውን ስፌት ቆረጠች፣ መኪናውን ከደነች፣ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በዚያ ሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። መንገድ ላይ ቆማ የማረቆ በርበሬ የጫነ የጭነት መኪና አስቆመች። “ከነበሽተኛዬ ካልጫንከኝ ከመንገዱ አልነሣም” ስላለችው ሹፌሩ እየሳቀ ጫነን። ልጆቹን ለጎረቤት ጥላ፣ እኔን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተጨናንቀን ሄድን። የበርበሬው አቧራ ሦስታችንንም ያስነጥሰን ነበር። እኔ እንቀጠቀጣለሁ፣ እሷ ትቆጣኛለች፣ ሹፌሩ ያስነጥሳል። ፀሐይ ስትገባ ሆስፒታል ደረስን።

ከዚያ ያለውን ብዙ አላስታውስም። ጉሉኮስ ተሰክቶልኝ፣ በየአራት ሰዓቱ መርፌ እየተወጋሁ አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ሌሊቱ ነበር የሚከብደኝ፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ የራሴን ትንፋሽ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሙ መጥቶ ለሙኒራ አንድ ነገር ነገራት። ሲስተር አልማዝ ስትተረጉመው፣ በማግሥቱ ብትመጡ ኖሮ ላልደርስለት እችል ነበር ብሏል።

ስድስተኛውን ዙር አቅሙን ቀንሰው ሰጡኝ። ጨረስኩ። በየሦስት ወሩ፣ በኋላም በየዓመቱ እየተመላለስኩ ተመረመርኩ። ሐኪሙ ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሲዳስሰኝ ምንም የለም አለኝ። እስከ ዛሬም የለም። ጣቶቼ ግማሽ መንገድ ተመለሱ፤ መቀስ እይዛለሁ፣ ጠመኔ እይዛለሁ፣ ክር ግን ዛሬም በመርፌ ቀዳዳ አላሳልፍም። ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዛን። እኔ እቆርጥ፣ ሙኒራና በኋላም ዘሃራ ይሰፉ ነበር። አጎቴ የመጨረሻ ኮቱን ያሰፋው በሙኒራ ነው።

ስድስተኛውን ዙር ከጨረስኩ በኋላ፣ ጉልበቴ እንደተመለሰ፣ ለመምህር በየነ ቤተሰብ ለቅሶ ለመድረስ ከሙኒራ ጋር ወደ ወልቂጤ ሄድን። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ጥቁር ለብሳ ተቀበለችን። ስለ አግዳሚው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ እሱ የነገረኝን ሁሉ ነገርኳት። ብዙውን ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ለእሷ ደኅና ነኝ ብቻ ነበር የሚላት። ቆይታ “አንተንም ትኩሳቱ ይዞህ ነበር አሉ። አንተ እንዴት ዳንክ?” ብላ ጠየቀችኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። “እኔም ነገ ብዬ ነበር፤ ሚስቴ አልሰማችኝም” አልኳት።

ወይዘሮ አስካለ ሙኒራን አየቻት። “እኔ ግን ሰማሁት” አለች። “ነገ አለኝ፤ እሺ አልኩት።”

የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው በወደድኩ። ሙኒራ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘቻት። “የእኔ ባል ልብስ ሰፊ ነው” አለቻት። “ስለ ትኩሳት ምን ያውቃል ብዬ ነው ያልሰማሁት። እንደ እርስዎ ባል የተማረ ቢሆን ኖሮ እኔም እሰማው ነበር።”

ወይዘሮ አስካለ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ሙኒራም እጇን አልለቀቀችም። ልንሄድ ስንነሣ እስከ አጥሩ በር ሸኘችን። “ይህንን ለሰው ንገር” አለችኝ። “ለታመመው ግን አይደለም። እሱ ያውቀዋል፤ ባሌም ያውቀው ነበር። ለቤት ሰዎቹ ንገር።”

ስናገረው ኖሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ ጻፍኩት። ቤታችሁ ውስጥ ይህን ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ይዞት ነገ እንሂድ ካላችሁ፣ የተማረም ይሁን ያልተማረ፣ ቤት ውስጥ የሚከበርም ይሁን የሚፈራ፣ አትስሙት።